ስለ ላም ፅንስ ጥራትና ስለ እርግዝና መያዝ የተጻፈ መግለጫ

በየክልሉ፣ በየዞኑና በየወረዳው የከብት ርባታን ሥራ ለምትመሩ ሹማምንት።

የተሻለ ዝርያ ያላቸውን ከብቶች ለማብዛት በዓለም ላይ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ፣ ፅንስን ከአንዲት ላም ማኅፀን አውጥቶ በሌላይቱ ላም ማኅፀን ማኖር ነው። ይህ ዘዴ በየስብሰባው ስሙ እየተነሣ፣ በየዕቅዱም ላይ እየተጻፈ ስለ መጣ፣ ሥራውን የሚያዝዙና ገንዘቡን የሚፈቅዱ ሹማምንት ነገሩን ከመሠረቱ ያውቁት ዘንድ ይህ መግለጫ ተዘጋጀ።

የመግለጫው ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ፅንስ ሁሉ አንድ አይደለም፤ በጎ ፅንስም ቢሆን ያለ በጎ ማኅፀን ጥጃ አይሆንም። ስለዚህ «ስንት ፅንስ ተላለፈ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ሥራን መመርመር አይባልም። ምን ዐይነት ፅንስ፣ ለምን ዐይነት ላም፣ በስንተኛው ቀን ተሰጠ፤ በመጨረሻስ ስንት ጥጃ ተወለደ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

1ኛ፤ ዘዴው ከየት እንደ መጣ

ይህን ነገር መጀመሪያ የፈተነው ዋልተር ሂፕ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ነው። በ1890 ዓ.ም. ከአንዲት አንጎራ ከምትባል ጥንቸል ሁለት ፅንሶች አውጥቶ፣ ከራስዋ ወገን ወንድ ጋር ተገናኝታ በነበረች በሌላ ዝርያ ጥንቸል ውስጥ አኖራቸው። ይህችም ጥንቸል ስድስት ልጆች ወለደች፤ አራቱ እርስዋን የሚመስሉ ሲሆኑ ሁለቱ ግን ፍጹም አንጎራ ሆነው ተገኙ። ከዚህም የተነሣ ፅንስን ተሸክማ የምትወልደው እናት ለፅንሱ ማደሪያና ምግብ ትሰጣለች እንጂ ዝርያውን እንደማትለውጠው ታወቀ። ዘዴው ሁሉ የቆመው በዚህ እውነት ላይ ነው።

በላም የተሠራው የመጀመሪያው የተሳካ ሥራ በ1951 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተነገረ። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ፣ በብርቱ ቅዝቃዜ ደርቆ ከቈየ ፅንስ ጥጃ ተወለደ። እስከ 1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ድረስ ፅንሱ የሚወጣው የላሚቱን ሆድ በመሰንጠቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያለ መሰንጠቅ በማኅፀን በር በኩል ማውጣት ስለ ተቻለ ሥራው ከሊቃውንት ቤት ወጥቶ ወደ ከብት ርቢዎች በረት ገባ።

ለአፍሪካ የሚቀርበን ምሳሌ የንዳማ ከብቶች ነገር ነው። ንዳማ በምዕራብ አፍሪካ የሚገኝ፣ የገንዲን በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት የንዳማ ፅንሶች በጋምቢያ ተወስደው፣ በቅዝቃዜ ደርቀው፣ ወደ ኬንያ ተላኩ፤ በዚያም በቦረን ላሞች ማኅፀን ተቀምጠው ንዳማ የሆኑ ጥጆች ተወለዱ። የቦረን ከብት መነሻው በአገራችን ደቡብ የቦረና ምድር መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። እነሆ፣ የእኛ አገር ዘር የሆነች ላም የሩቅ አገር ጥጃ ተሸክማ ወለደች፤ አንድም ከብት በመርከብ ወይም በእግር ሳይጓዝ ዝርያው ከአህጉሩ ዳር እስከ ዳር ተሻገረ።

2ኛ፤ ፅንሱ በሰባት ቀን የሚያልፍበት መንገድ

የፅንስን ጥራት ለመረዳት አስቀድሞ ዕድገቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ላም በየ21 ቀን ገደማ ድራት ይመጣባታል። በዚያን ጊዜ አባለዘር ካገኘች ዕንቍላሏ በቀጭኑ የዕንቍላል መተላለፊያ ውስጥ ይፀነሳል። ይህ አንዱ ሕዋስ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እየሆነ ይከፈላል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ወደ ማኅፀን ይገባል። በስድስተኛው ቀን ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንደ እንጆሪ ፍሬ ይሆናሉ፤ ይህም ሞሩላ ይባላል። በሰባተኛው ቀን በመካከሉ ውሃ የቋጠረ ክፍት ቦታ ይታያል፤ በአንድ ወገን የተሰበሰቡት ሕዋሳት ጥጃው ራሱ የሚሆኑ ናቸው፤ ዙሪያውን የከበቡት ደግሞ የእንግዴ ልጁ መነሻ ናቸው። ይህ ብላስቶሲስት ይባላል።

በዚህ ጊዜ ፅንሱ በጥርት ሽፋን እንደ ተከበበ፣ መጠኑ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ አይሞላም። ከስምንተኛው ቀን በኋላ ሽፋኑን ቀድዶ ይወጣል። ስለዚህ ፅንስ የሚወሰደው ብዙውን ጊዜ በሰባተኛው ቀን ነው፤ ለመመርመር የሚበቃ ዕድገት አለው፤ ከበሽታ የሚጠብቀውን ሽፋንም ገና አልጣለም።

የዚህ ሽፋን ነገር እንደ ቀላል አይታይ። ሽፋኑ ያልተቀደደ ፅንስ በደንቡ መሠረት በንጹሕ ፈሳሽ አሥር ጊዜ ከታጠበ፣ እንደ አፍ እግር ያሉ በርካታ በሽታዎችን ወደ ሌላ አገር የማሻገሩ ሥጋት እጅግ ያነሰ ነው። ከብትን በሕይወቱ ከማጓጓዝ ይልቅ ፅንስን ማጓጓዝ የተመረጠበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

3ኛ፤ ፅንሱ የሚገኝበት ሥርዓት

ፅንስ የሚወሰድባት ላም ለጋሽ ትባላለች። ላም በተፈጥሮዋ በአንድ ድራት አንድ ዕንቍላል ብቻ ስለምታፈራ፣ ብዙ እንድታፈራ ዕንቍላል አነቃቂ ሆርሞን በጧትና በማታ ለአራት ቀን ያህል በመርፌ ይሰጣታል። በሦስተኛው ቀን ገደማ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ሌላ መድኃኒት ተወግታ ከሁለት ቀን በኋላ ድራት ይመጣባታል። ድራቷ ከታየ ከ12 ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ትዳቀላለች። በሰባተኛው ቀን ቀጭን የጎማ ቱቦ በማኅፀን በር ገብቶ፣ ለብ ባለ ልዩ ፈሳሽ ማኅፀኗ ይታጠባል፤ ፈሳሹም በወንፊት ተጣርቶ ፅንሶቹ በአጕሊ መነጽር ይፈለጋሉ።

በዚህ ሥርዓት ከአንዲት ለጋሽ በአማካይ 10 ያህል ዕንቍላሎችና ፅንሶች ይገኛሉ፤ ከነዚህም ለማስተላለፍ የሚበቁት 6 ያህል ናቸው። ይህ አማካይ ነውና ማንም አይታለልበት፤ አንዲቱ ለጋሽ 20 ስትሰጥ ሌላይቱ አንድም ላትሰጥ ትችላለች። ዛሬ ደግሞ ዕንቍላሉን ከላሚቱ በመርፌ ቀድቶ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ማፅነስ ተስፋፍቷል፤ በዚህ መንገድ የሚገኙት ፅንሶች ብዙ ቢሆኑም በቅዝቃዜ ሲደርቁ በማኅፀን ካደጉት ይልቅ ይጐዳሉ።

4ኛ፤ የፅንስ ደረጃ አመዳደብ

ፅንሱ ከተገኘ በኋላ ባለሙያው ከ50 እስከ 100 ጊዜ በሚያጐላ መነጽር እያገላበጠ ይመለከተዋል። በ1974 ዓ.ም. የተመሠረተውና ዛሬ ዓለም አቀፍ የፅንስ ቴክኖሎጂ ማኅበር የሚባለው ድርጅት ባወጣው ደንብ መሠረት ፅንስ በአራት ደረጃ ይመደባል።

ደረጃ 1፤ ቅርጹ ክብ፣ ሕዋሳቱ በመጠንም በቀለምም እኩል የሆኑ፣ ከመላው ሕዋስ ከመቶ 85 ያላነሰው ጤናማ የሆነ። ይህ ፅንስ በቅዝቃዜ ደርቆ ሊቈይና ወደ ሌላ አገር ሊላክ ይችላል።

ደረጃ 2፤ ጥቂት ጕድለት የሚታይበት፣ ነገር ግን ከሕዋሱ ከመቶ 50 ያላነሰው ጤናማ የሆነ። ይህ ሳይደርቅ በዚያው ቀን ቢተላለፍ ይሻላል።

ደረጃ 3፤ ብዙ ጕድለት ያለበት፣ ጤናማው ሕዋስ ከመቶ 25 ያህል ብቻ የሆነ። ይህን ማድረቅ አይገባም፤ የሚተላለፈውም ሌላ ሲታጣና ለጋሽቱ እጅግ የከበረች ስትሆን ነው።

ደረጃ 4፤ የሞተ፣ የፈረሰ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ያልፀነሰ ዕንቍላል። ይህ ይጣላል።

ፅንሱ ጥሩ ሲሆን እርግዝና የሚይዝበት ዕድል ከፍ ይላል። ሥራው በደንብ በተያዘበት መንጋ፣ ሳይደርቅ የተላለፈ የደረጃ 1 ፅንስ ከመቶ ከ60 እስከ 70 ያህል ይይዛል፤ ደርቆ የቈየው ከመቶ ከ50 እስከ 60 ያህል ነው። የደረጃ 2 ፅንስ ከመቶ 50 አካባቢ፣ የደረጃ 3 ደግሞ ከመቶ 30 አካባቢ ይሆናል። እነዚህ ቍጥሮች በጥሩ ይዞታ የተገኙ ናቸውና፣ መኖ በጐደለበትና ቀን በተዛነፈበት ቦታ ከዚህ በታች ይወርዳሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደረጃ የሚሰጠው በዐይን ነው። ሁለት ባለሙያዎች አንዱን ፅንስ ቢያዩ፣ እጅግ ባማረውና በሞተው ላይ ይስማማሉ፤ በመካከለኛው ላይ ግን ሊለያዩ ይችላሉ። ዐይንም የውስጡን ሁሉ አያይም። መልኩ ያማረ ፅንስ በውስጡ የክሮሞሶም ጕድለት ይዞ ሊመክን፣ መልኩ ያላማረው ደግሞ ጤናማ ጥጃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደረጃ የዕድል መለኪያ ነው እንጂ የፍርድ ቃል አይደለም።

ይህ እውነት በሰውም ዘንድ እንዲሁ ነው። በ1978 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሉዊዝ ብራውን የተባለችው ሕፃን ከማኅፀን ውጭ ከተፀነሰ ፅንስ የመጀመሪያዋ ሆና ተወለደች፤ ከሥራው መሪዎች አንዱ ሮበርት ኤድዋርድስ በ2010 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በአገራችንም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2019 ዓ.ም. ልጅ ላጡ ባለትዳሮች ይህ ሕክምና ተከፍቷል። በዚያም ባለሙያዎች ፅንሱን በመነጽር እያዩ ደረጃ ይሰጡታል፤ ከደረጃውም ጋር የእናቲቱ ዕድሜ እጅግ ይመዝናል፤ ዕድሜ ሲገፋ የዕንቍላሉ ጥራት ይቀንሳልና። የሰው ነገር ግን ለሐኪሙና ለባለትዳሮቹ የተተወ ስለ ሆነ፣ እኛ ወደ ተሰጠን ወደ ከብቱ ጉዳይ እንመለስ።

5ኛ፤ የፅንስ ጥራት የሚበላሽበት ምክንያት

የፅንስ ጥራት በዕድል ብቻ የሚመጣ አይደለም። መሠረቱ ዕንቍላሉ ነው፤ ዕንቍላሉም ከመውጣቱ በፊት ለብዙ ሳምንታት በላሚቱ ሰውነት ውስጥ ሲያድግ ይቈያል። በነዚያ ሳምንታት ላሚቱ ከተራበች፣ ከታመመች፣ ወይም ከወለደች በኋላ ለወተት የምታወጣው ኀይል ከምትበላው በልጦ ሰውነቷ ከሟሸሸ፣ ጕዳቱ ወደ ዕንቍላሉ ይደርሳል። ዛሬ የተበላሸው ፅንስ ምክንያቱ ካለፈው ወር የመኖ ጕድለት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የላሚቱን ሰውነት ሙቀት መብዛት አይችልም፤ በሰባተኛው ቀን ግን ይጠነክራል። ስለዚህ በቈላ አገርና በበጋው ሐሩር፣ ሰባት ቀን የሆነውን ፅንስ ማስተላለፍ በተራ ማዳቀል ከሚገኘው የተሻለ እርግዝና ሊያስገኝ ይችላል። ይህ በቆላማ ወረዳዎች ለምትሠሩ ሹማምንት ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ድራትን ሳያዩ ማሳለፍ ነው። ላሚቱ በጊዜዋ ካልተዳቀለች ዕንቍላሉ ያረጃል፤ ያረጀ ዕንቍላልም ወይ አይፀንስም፤ ቢፀንስም ደካማ ፅንስ ይሆናል። አራተኛው የአባለዘሩ አያያዝ ነው። ከፈሳሽ ናይትሮጅን ዕቃ ውስጥ ስትሮውን ለሌላ ጕዳይ ደጋግሞ ወደ ላይ ማውጣት፣ ናይትሮጅኑ ሲጐድል አለመሙላት፣ በማይገባ ውሃ ማሟሟት አባለዘሩን ይገድለዋል። የደረቀው ፅንስም የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነው በዚሁ ፈሳሽ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ዕቃውን የሚጠብቀው ሰው ቸልተኝነት ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ፅንስ በአንድ ቀን ያጠፋዋል።

6ኛ፤ ስለ ተቀባይቱ ላም

በወንጌል የተነገረውን የዘሪውን ምሳሌ ሁላችን እናውቃለን። ዘሩ አንድ ሲሆን ያፈራውና ያላፈራው የተለየው በወደቀበት መሬት ነው። ፅንስም እንዲሁ ነው፤ መሬቱ የተቀባይቱ ላም ማኅፀን ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ቀኑ ነው። ሰባት ቀን የሆነው ፅንስ የሚገባው፣ እርስዋም ከድራት ከወጣች ሰባት ቀን በሆናት ላም ማኅፀን ነው፤ ልዩነቱ ወደ ፊትም ሆነ ወደ ኋላ ከአንድ ቀን ባይበልጥ ይሻላል። ከዚህ ከራቀ ማኅፀኑና ፅንሱ አይገጣጠሙም፤ ፅንሱ ደረጃ 1 ቢሆንም ይመክናል።

ሁለተኛው፣ ከድራት በኋላ በዕንቍላል ማፍሪያዋ ላይ የሚበቅለው ቢጫ አካል ነው። እርግዝናን የሚጠብቀው ፕሮጄስቴሮን የተባለው ሆርሞን ከዚህ ይወጣል። ባለሙያው በደንዳኔ በኩል በእጁ ዳስሶ ወይም በአልትራሳውንድ አይቶ፣ ቢጫው አካል ባለበት ወገን በሚገኘው የማኅፀን ቀንድ ውስጥ ፅንሱን ያኖራል። ቢጫ አካል ለሌላት ላም ፅንስ መስጠት ዘርን በድንጋይ ላይ መበተን ነው።

ይህ ቢጫ አካል በ17ኛው ቀን ገደማ፣ ማኅፀን ራሱ በሚያወጣው ፕሮስታግላንዲን ይጠፋል፤ ላሚቱም እንደ ገና ድራት ይመጣባታል። ጤናማ ፅንስ ግን ከ15ኛው እስከ 17ኛው ቀን ባለው ጊዜ ኢንተርፌሮን ታው የተባለ ምልክት ወደ ማኅፀን ይልካል፤ ምልክቱም ሲደርስ ቢጫው አካል ይቈያል፤ እርግዝናው ይጸናል። ደካማ ፅንስ ምልክቱን በቂ አድርጎ አይልክም፤ በሕይወት ሳለም እንደሌለ ተቈጥሮ ይጠፋል። ደረጃ የሚታየው ለመልክ ብቻ ያልሆነውም ስለዚህ ነው። መካከለኛ ወተት በሚሰጡ ላሞች ዘንድ ከመቶ 90 ያህሉ ዕንቍላል ይፀንሳል፤ የሚወለደው ግን ከመቶ 55 አካባቢ ብቻ ነው፤ ከሚጠፋውም አብዛኛው የሚጠፋው በነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው።

ከዚሁ የሚወጣ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ላሞችን በአንድ ጊዜ ለድራት ለማድረስ የሚወጋው መድኃኒት ይኸው ፕሮስታግላንዲን ነው። ያረገዘች ላም ብትወጋ ቢጫ አካሏ ጠፍቶ ጥጃዋን ትጥላለች። ስለዚህ በዘመቻ በሚሠራበት ቀበሌ፣ ላሚቱ አለማርገዟ ሳይመረመር መርፌ እንዳይሰጥ ሹሙ በብርቱ ይጠብቅ። ከመንግሥት የተላከ ባለሙያ ላሙን ወግቶ ጥጃውን ያስጣለበት ገበሬ፣ በሚመጣው ዓመት ከብቱን ይዞ አይወጣም፤ ጎረቤቱም አይወጣም።

ሦስተኛው የተቀባይቱ ሰውነት ነው። እጅግ የከሳችም እጅግ የሰባችም አትመረጥም፤ ሥጋዋ መካከለኛ ሆኖ ክብደቷ በመጨመር ላይ ያለች ትሻላለች። ጭድ ብቻ ስትበላ የቈየችን ላም ፅንስ በሚሰጥበት ሳምንት ፋጉሎና ፍሩሽካ ማጉረፍ ጥቅም የለውም፤ ድንገተኛ የመኖ ለውጥ ራሱ ይጐዳል። ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ በድርቆሽ፣ በጥቂት ፋጉሎና በአሞሌ ጨው ማዘጋጀት ይገባል። ከውርጃ በሽታ ነጻ መሆኗም በምርመራ ይረጋገጥ። ማኅፀኗና ዳሌዋ የትልቅ ዝርያ ጥጃ ለመውለድ የሚበቃ መሆኑ ይታይ፤ ለትንሽ ጊደር የትልቅ ዝርያ ፅንስ መስጠት በምጥ ጊዜ ሁለቱንም ማሳጣት ነው።

ስለ እንገርም አንድ ቃል እንጨምር። ጥጃው ዝርያውን ከለጋሽቱ ቢወርስም፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበሽታ የሚጠብቀውን ኀይል የሚያገኘው ከተቀባይቱ እንገር ነው። ያገር ላም የሰፈሩን በሽታ ለምዳ ስለ ኖረች እንገሯ ለእንግዳው ጥጃ ትልቅ ሀብት ነው። እንደ ተወለደ በቶሎ ይጥባ።

7ኛ፤ ስለ ሒሳቡ

አሁን የተባለውን ሁሉ በአንድ ምሳሌ እንሰብስበው። ከአንዲት ለጋሽ ለማስተላለፍ የሚበቁ 6 ፅንሶች ተገኙ እንበል። አራቱ ደረጃ 1፣ አንዱ ደረጃ 2፣ አንዱ ደረጃ 3 ናቸው። በየደረጃቸው ዕድል ብናሰላ፣ ከስድስቱ ተቀባዮች የሚያረግዙት ከሦስት እስከ አራት ናቸው። ከነዚህም አንዳንዱ ሳይወለድ ይጠፋልና ሦስት ጥጆች ይወለዳሉ ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ከሦስቱም ግማሽ ያህሉ ወንድ ስለሚሆን፣ ለወተት የምትጠበቀው ጊደር አንዲት ወይም ሁለት ትሆናለች።

በወረቀት ላይ ግን «6 ፅንስ ተላለፈ» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ያየ ሰው ስድስት የወተት ላሞች የመጡ ይመስለዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለዚህ ነው። ይህ ጸሐፊ በሥራው ብዙ የማዳቀል ሪፖርቶችን ገልብጧል። «የተዳቀሉ ላሞች» የተባለው ዐምድ እስከ ግርጌ ሞልቶ «የተወለዱ ጥጆች» የተባለው ዐምድ ባዶ ሆኖ ያየበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ባዶው ዐምድ የሚያሳፍር ሆኖ የሚተው ሁሉ፣ ስሕተቱ የት እንደ ሆነ የሚያሳየው ብቸኛው መስኮት እርሱ መሆኑን ይወቅ።

ሒሳቡን ከገበሬው ወገን ደግሞ እንየው። ካልያዙት ሦስት ላሞች አንዲቱ የአንዲት ባልቴት ብቸኛ ላም ልትሆን ትችላለች። ፅንሱ የጠፋባት ላም፣ ከተሰጣት ሁለት ሳምንት ገደማ ቈይቶ ድራቷ ይመለሳል። የሚጠብቃት ሰው ካለ በዚያው ቀን ትዳቀላለች፤ የጠፋው ጊዜ የአንድ ወር ያህል ብቻ ይሆናል። የሚጠብቃት ከሌለ ግን፣ ባለቤቷ አርግዛለች እያለች ስትጠብቅ ወራት ያልፋሉ፤ የላም እርግዝና 280 ቀን ያህል ነውና ዓመቱ ያለ ጥጃና ያለ ወተት ይሄዳል። በዚያ ቤት ያሉት ሕፃናት የሚጠጡት ወተት በኛ ሪፖርት ላይ አይታይም፤ የጐደለው ግን እርሱ ነው።

8ኛ፤ ሹሙ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ነገሮች

የፅንስ ማስተላለፍ ሥራ ወደ ወረዳችሁ ሲመጣ፣ ወይም እናንተው ለማምጣት ስታስቡ፣ ገንዘብ ከመፈቀዱ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሀ) የእያንዳንዱ ፅንስ ደረጃ፣ የዕድገቱ ዕድሜና የለጋሽቱ ዝርያ ተጽፏልን? ደረጃው ያልተጻፈ ፅንስ አትቀበሉ።

ለ) ፅንሱ ሳይደርቅ የሚተላለፍ ነውን ወይስ ደርቆ የቈየ? የደረቀ ከሆነ ደረጃ 1 መሆኑ፣ የናይትሮጅኑም መጠን በየሳምንቱ መለካቱ ይረጋገጥ።

ሐ) ተቀባዮቹ ላሞች ከሁለት ወር በፊት ተመርጠው መኖ ተዘጋጅቶላቸዋልን? ለእርግዝናና ለውርጃ በሽታስ ተመርምረዋልን?

መ) የእያንዳንዷ ተቀባይ የድራት ቀን የተጻፈው በዐይን ታይቶ ነውን ወይስ በግምት? የተገመተ ቀን እንደ ታየ ቀን አይቈጠር።

ሠ) ፅንሱ ከተሰጠ በኋላ ድራት መመለሱን የሚጠብቅ ሰው ማን ነው? በ30ኛው ቀን ገደማ በአልትራሳውንድ፣ ይህ ከሌለ በሁለት ወር ገደማ በእጅ ዳሰሳ የሚመረምርስ ማን ነው?

ረ) ላሚቱ ባትይዝ ለባለቤቷ ምን ይደረግላታል? ቢያንስ ያለ ክፍያ በቶሎ እንድትዳቀልላት አስቀድሞ ይወሰን፤ የመሳካቱንም ዕድል ልክ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይንገሯት።

ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የማይገኝ ከሆነ፣ ሥራው ገና አልደረሰምና ማዘግየት ይሻላል። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፣ ያለ ዝግጅት የተበተነ ፅንስ ተመልሶ አይለቀምም። በቃሊቲ የማዳቀያው ማእከል ከተቋቋመበት ከ1981 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የሚሠራበት ሰው ሠራሽ ማዳቀልም ቢሆን የሚሳካውና የሚከሽፈው በነዚሁ ነገሮች ነው፤ በመኖ፣ ድራትን በማየት፣ በናይትሮጅን ጥበቃና መዝገብን በእውነት በመያዝ። እነዚህን ያላስተካከለ ወረዳ በፅንስ ማስተላለፍ የተሻለ ውጤት አያገኝም፤ ውድ የሆነውን ዘር በዚያው በሰነፈው እርሻ ላይ ይዘራል እንጂ። እነዚህን ያስተካከለ ወረዳ ግን፣ ፅንሱ ገና ሳይመጣለት በፊት የጥጆቹ ቍጥር ሲጨምር ያያል።

እንግዲህ በሚመጣው ሪፖርታችሁ፣ ስለ ማዳቀልም ሆነ ስለ ፅንስ፣ የመጀመሪያውን ዐምድ ከመሙላታችሁ በፊት የመጨረሻውን ዐምድ ሙሉ። የተወለዱት ጥጆች ቍጥር ትንሽ ቢሆንም ይጻፍ፤ ትንሽ የሆነበትም ምክንያት ከጎኑ ይጻፍ። ከዚያ ቍጥር ተነሥቶ ሥራን ማረም ይቻላል።